ቻይና ስለ «ውርደቷ» የምታወራው ቁስሏ ስላልዳነ ነው ወይስ ለፓርቲው ስለሚመቸው?

አድሚን፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ስለ ታሪፍ ስናወራ (በ2025 አሜሪካ እስከ 145 ፐርሰንት ጫነች፣ ቻይና ደግሞ 125 አድርጋ መለሰች) አንዱ ልጅ «ቻይና ለምዕራቡ አትንበረከክም፣ ታሪኳ አይፈቅድላትም» ብሎ ጽፎ ጠፋ፣ ከዛ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ ዛሬ በደንብ እንከራከርበት። ቤጂንግ ከምዕራቡ ጋር በተጋጨች ቁጥር፣ በታይዋንም ይሁን በኮምፒውተር ቺፕ፣ ከ1839 እስከ 1949 የውጭ ኃይሎች ያዋረዱኝ ዘመን የምትለውን «የመቶ ዓመት ውርደት» ታነሳለች። የምር ቁስል ነው ወይስ የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ መሣሪያ? ዓመቶቹን በፈረንጅ ጻፉ፣ እንደ ባለፈው እንዳንደናገር። የተሳደበ ይወጣል።

ጋሼ መምህር፦ ልጆች ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እንግሊዞች የቻይናን ሻይ ሲጠጡ ሲጠጡ የሚከፍሉት ብር (ማዕድኑን ማለቴ ነው) ሲመናመንባቸው ህንድ ውስጥ የተመረተ ኦፒየም የሚባል አደንዛዥ ዕፅ በኮንትሮባንድ ማስገባት ጀመሩ። ንጉሡ ሊን ዜሹ የሚባል ባለሥልጣን ላከ፣ ሰውዬው በ1839 ሁመን ላይ ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ወርሶ ጉድጓድ አስቆፍሮ በኖራና በጨው አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው፣ ባሕሩን ስላቆሸሸም ይቅርታ የሚጠይቅ ጸሎት ጽፏል። መልሱ የጦር መርከብ ነበር። በ1842 በናንጂንግ ውል ሆንግ ኮንግ ተወሰደች፣ አምስት ወደብ ተከፈተ፣ 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ካሳ ተጣለ። ልብ በሉ፣ ካሳ ከፋዩ «ዕፅ አይገባብኝም» ያለው ነው! እና የወጋ ቢረሳ የተወጋ ይረሳል? ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በ1860 እንግሊዝና ፈረንሳይ ቤጂንግ ገብተው ዩዋንሚንዩዋን የሚባለውን የነገሥታቱን ቤተ መንግሥትና የአትክልት ሥፍራ ዘርፈው፣ በመጨረሻ እንግሊዞቹ አቃጠሉት። ከዘመተው ጦር አንዱን ዲቪዥን ይመራ የነበረው ሮበርት ናፒየር ነው። አዎ፣ ያው ናፒየር፣ ከስምንት ዓመት በኋላ መቅደላ የወጣው።

ሸገር ልጅ፦ እንዴዴ ጋሼ! ያው ሰውዬ?? እኔ እኮ ለኛ ብሎ የተፈጠረ ነበር የሚመስለኝ ኪኪኪ

ጋሼ መምህር፦ ያው ራሱ። ከዩዋንሚንዩዋን ከተወሰደው ውስጥ ትንሽዬ ውሻ ነበረች፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተሰጠች፣ ስሟን ምን እንዳሏት ታውቃለህ? «ሉቲ»። ዝርፊት እንደ ማለት ነው። ከኛ ደግሞ ልዑል ዓለማየሁን ወሰዱ። እንግዲህ ቻይናው ሲቆጣ እኔ ለምን ይቆጣል ልበል?

ቤቲ ሜሪላንድ፦ ጋሼ የነገሩን ሁሉ ልክ ነው አንዱንም አልክድም፣ ግን ጥያቄው ተፈጽሟል ወይ አይደለም እኮ፣ ማን ነው የሚተርከው፣ የቱንስ ይዘላል ነው። ከ1958 እስከ 1962 በማኦ «ታላቁ እመርታ» የምርት ዘመቻ ጊዜ በረሃብ የሞተው ሰው በብዙ ተመራማሪዎች ግምት 30 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ አንዳንዱ ዝቅ አንዳንዱ ከፍ ያደርገዋል፣ ዝቅተኛው ራሱ ያስፈራል። ያንን የውጭ መርከብ አላመጣውም። የየመንደሩ ካድሬ ምርት በውሸት ቁጥር አሳብጦ ሪፖርት አደረገ፣ መንግሥት በውሸቱ ቁጥር ልክ እህሉን ሰበሰበ፣ ገበሬው ባዶ ጎተራ ታቅፎ ቀረ። ይሄ የቱ የውርደት ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው? በ2012 መጨረሻ ሺ ጂንፒንግ ሥልጣን ላይ እንደወጣ ባልደረቦቹን ይዞ ቤጂንግ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ «የቻይና ሕልም» የሚለውን ያወጀው ከኦፒየም ጦርነት የሚጀምር ኤግዚቢሽን ውስጥ ቆሞ ነው። ረሃቡ ግን እዛ ወግ ያለው ቦታ የለውም። ደግሞ ጊዜውን እዩት፦ «የአርበኝነት ትምህርት» የሚባለው ዘመቻ ትምህርት ቤቱን የሞላው በ90ዎቹ ነው፣ ከ1989 የቲያናንመን ግድያ በኋላ። ማርክሲዝሙን የሚያምን ሲጠፋ ውርደቱን አነሱ።

ኪሱ ባዶ፦ ቤቲ ጨረሰችው፣ ክርክሩ ይዘጋ

ጋሼ መምህር፦ አይዘጋም! «በ90ዎቹ ነው የተነሳው» የሚለው ልክ አይደለም ልጄ፣ «ብሔራዊ ውርደት» የሚለው አነጋገር ከኮሚኒስቶቹ በፊት ነበር፣ በ1915 ቻይና የጃፓንን 21 ጥያቄ ተገድዳ ስትቀበል ቀኑን የብሔራዊ ውርደት መታሰቢያ ያደረጉት ያኔ ነው፣ ፓርቲው ራሱ የተመሠረተው በ1921 ነው። ቁስሉ ፓርቲውን ይቀድማል።

ቤቲ ሜሪላንድ፦ እሺ ይሄን ተቀብያለሁ። ቁስሉ ቀድሟል፣ ፓርቲው ግን ፋሻውን ይዞ መቼ እንደሚፈታና መቼ እንደሚያስር እሱ ይወስናል።

ቤጂንግ የተማርኩት፦ እዛ አምስት ዓመት ስለቆየሁ ያየሁትን ላውራ። ዩዋንሚንዩዋን ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አብዛኛው ሐይቅና ዛፍ ነው፣ እንጨቱ ስለተቃጠለ ሕንፃ የሚባል ብዙም የለም፣ ሰው ፎቶ የሚነሳው አንድ ጥግ ላይ የተጋደሙት የድንጋይ አምዶች ጋ ነው። ቀይ ስካርፍ ያሰሩ ተማሪዎች በሰልፍ መጡ፣ አስተማሪዋ ወገቧ ላይ በታሰረች ድምፅ ማጉያ ታስረዳለች፣ አንዱ ልጅ ድንጋዩን ዳሰሰውና ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። የምር ነው የሚሰማቸው፣ ቲያትር አይደለም። ግን የሚያስቀው ምን መሰላችሁ፣ እነዛ ድንጋዮች የአውሮፓ ስታይል ናቸው፣ ያንን ክፍል ለንጉሥ ቺያንሎንግ የነደፉለት ከአውሮፓ የመጡ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። የቻይናው ውርደት ምልክት ሆኖ የቀረው የጣሊያን እጅ ያለበት ድንጋይ ነው፣ ምክንያቱም የቻይናው እንጨት ነደደ።

ሸገር ልጅ፦ እነዛ የእንስሳት ጭንቅላቶችስ ከዛ አይደሉ እንዴ

ቤጂንግ የተማርኩት፦ አዎ፣ ፏፏቴው ላይ የነበሩት 12ቱ የነሐስ ራሶች። በ2009 ፓሪስ ላይ የአይጧና የጥንቸሏ ለጨረታ ቀርበው አንድ ቻይናዊ በስልክ እያንዳንዳቸውን 14 ሚሊዮን ዩሮ ብሎ አሸነፈና «አልከፍልም፣ የተዘረፈ ንብረት ነው» አለ። ጨረታው ተበላሸ። በ2013 በነፃ ተመለሱ።

ሸገር ልጅ፦ ይሄ ሰውዬ ለኛ ይላክልን አቦ

ቤጂንግ የተማርኩት፦ አልጨረስኩም። አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ የአንሁዪ ልጅ ነበረች፣ ለአዲስ ዓመት ቤታቸው ወስዳኝ ነበር። ምሳ ስንበላ አያቷ ጠረጴዛ ላይ የወደቀችውን እያንዳንዷን የሩዝ ፍሬ በጣቷ ጫፍ እየለቀመች ትበላለች፣ እኔ የጣልኩትንም ጭምር። አፈርኩ። በኋላ ልጅቷን ስጠይቃት «ያኔ ሦስቱ የተፈጥሮ አደጋ ዓመታት ናቸው» አለችኝ። መጠሪያው እንደዛ ነው፣ የተፈጥሮ አደጋ። አንሁዪ እኮ በረሃቡ ክፉኛ ከተጎዱት ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነው። ልጅቷ ስለ 1860 ቀኑን ከነወሩ ትነግርሻለች፣ አያቷ ስላየችው ግን የምታውቀው ያቺን አንድ ሐረግ ነው። ስለዚህ ጋሼም ልክ ናቸው ቤቲም ልክ ነሽ፣ ይሄን ስል ለማስታረቅ አይደለም፣ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ስላየሁ ነው።

ጓንዡ ተመላላሽ፦ እናንተ ሙዚየም ሙዚየም ትላላችሁ እኔ ጫማና የስልክ ኮቨር ነው የማመላልሰው። ለ11 ዓመት ጓንዡ ሺያዎቤይ ሰፈር ገብቼ ወጥቻለሁ፣ አንድም ቀን ስለ ኦፒየም ያወራኝ ነጋዴ የለም፣ የሚያወሩት ስለ ቤት ዋጋ፣ ልጃቸው ስለሚፈተነው ጋዎካዎ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና)፣ አሁን አሁን ደግሞ ሥራ ስላጡ ልጆች ነው፣ በ2023 የወጣቱ ሥራ አጥነት ከ21 ፐርሰንት ሲያልፍ መንግሥት ቁጥሩን ማውጣት አቁሞ ነበር እኮ፣ ከወራት በኋላ አቆጣጠሩን ለውጦ ተመለሰ። ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ። ሚያዝያ 2020 ኮሮና ጊዜ ጓንዡ ላይ አፍሪካዊ የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ፣ ከቤት ከሆቴል ተባረረ። እኔን የተከራየሁበት ሰውዬ ኪራዬን ሦስት ወር ቀድሜ ከፍዬው ሻንጣዬን አውጥቶ ደረጃ ላይ አስቀመጠው። የማውቀው ሰው ነው፣ ልጁ ስትመረቅ ስጦታ ሰጥቻታለሁ። ሁለት ሌሊት ድልድይ ሥር አደርኩ። የተዋረደ ሕዝብ ውርደትን ያውቃል የሚሉኝ ሰዎች እዛ ድልድይ ሥር ቢመጡ ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሼ መምህር፦ እግዜር ይማርህ ልጄ፣ አላውቅም ነበር።

ኪሱ ባዶ፦ ወንድሜ አይዞህ። እኔ ግን ሁላችሁም ምዕራቡን በነፃ እየለቀቃችሁት ነው የምለው። ኒክሰን በ1972 ቤጂንግ ሄዶ ከማኦ ጋር ሲጨባበጥ የባህል አብዮቱ ገና አላለቀም፣ ሰብዓዊ መብት ያነሳ ነበር? ሶቭየትን ለመክበብ ፈለጋት፣ ሄደ። ከዛ ርካሽ ጉልበት ፈለጉ፣ በ2001 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት አስገቧት፣ «ንግድ ሲገባ ዴሞክራሲ ይከተላል» አሉ። አልተከተለም። አሁን ቻይና ራሷ ስትሠራ በ2022 ጥቅምት ላይ ቺፑን ዘጉባት። ቻይናዊው «ልታሳድጉን አትፈልጉም» ቢል በምን ትመልሱለታላችሁ? እዚህ ጋ የ1839ን ታሪክ መጥራት ራሱ አያስፈልግም።

ቤቲ ሜሪላንድ፦ ምዕራቡ ግብዝ ነው፣ ተስማማን። ግን ግብዝነቱ የሚነገረኝ ኡይጉር ሙስሊሞች ስለታሰሩባቸው የሺንጂያንግ ካምፖች በጠየቅኩ ቁጥር ነው፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። በነሐሴ 2022 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ «በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን ይችላል» ሲል መልሱ ምን ነበር? የምዕራቡ ሴራ። ኡይጉሩን ያሰረው ናፒየር ነው? ታይዋንም እንደዛው፣ በ1895 ጃፓን ነጠቀች፣ እሺ፣ ልክ ነው፣ ግን ታይዋኖች ከ1996 ጀምሮ ፕሬዚዳንታቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ የነሱስ ድምፅ የማን ውርደት ማካካሻ ነው?

ጋሼ መምህር፦ ስለ ካምፖቹ አልከራከርሽም፣ የሚያስከብር ነገር የለውም። ታይዋን ላይ ግን አንድ መሬት ተቆርሶ ሲወሰድ ያየ ሕዝብ «ድምፅ ይሰጥበት» ሲባል ምን እንደሚሰማው እኛ ሰፈር ያለ ሰው ሊጠፋው አይገባም። ትክክል ነው አላልኩም፣ ስሜቱ ከየት እንደሚመጣ ነው የምልሽ።

ቤቲ ሜሪላንድ፦ ስሜቱ ይገባኛል ጋሼ። ሚሳይሉ ነው የማይገባኝ።

አድሚን፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ እስቲ፣ ቻይናዊው ራሱ ምን ይላል? በ2022 ህዳር ኡሩምቺ (የሺንጂያንግ ዋና ከተማ) ላይ ፎቅ ተቃጥሎ 10 ሰው ሲሞት ልጆቹ የኮሮና ገደቡንና ሳንሱሩን ተቃውመው ባዶ ነጭ ወረቀት ይዘው ወጥተው አልነበር? ያኔ ሰልፉ ላይ አንድ ሰው «የውጭ ኃይሎች እጅ አለበት» ሲል «ኢንተርኔታችን የውጭ ድረ ገጽ አይከፍትም፣ የውጭ ኃይል እንዴት ያገኘናል» ብለው የመለሱ ልጆች ነበሩ። እኔ እሱን ነው የወደድኩት።

ቤጂንግ የተማርኩት፦ ቆይ ያቺ ላቦራቶሪ የነበረችውን ልጅ ልጠይቃት፣ አሁንም በዊቻት እንጻጻፋለን። ጥያቄውን እንዳለ ተርጉሜ ልኬላታለሁ።

ሸገር ልጅ፦ እስኪ ፖፕኮርን ላምጣ

ቤጂንግ የተማርኩት፦ መለሰች። «ስለዚህ በአካል ስንገናኝ እናወራለን» ብላ የአያቷን ፎቶ ላከችልኝ። 88 ዓመቷ ነው፣ ገና ጎበዝ ናት።

ሸገር ልጅ፦ በቃ መልሱ ይሄው እኮ ነው!

ጋሼ መምህር፦ ምኑ ነው መልስ? ልጅቷ ሥራ ላይ ሆና ሊሆን ይችላል።

ቤጂንግ የተማርኩት፦ ጋሼ ዛሬ እሁድ ነው እኮ።