እናቴ የማስታወሻ እንክብል ከጀመሩ ወዲህ ድዳቸው እየደማ ነው፤ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ

ጠያቂ (ጎንደር፣ አራዳ)፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 76 ዓመታቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተናገሩትን መልሰው ይናገራሉ፣ የሣጥን ቁልፋቸውን ያኖሩበትንም ይረሳሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ የሚሸጥ፣ ጊንኮ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የተሠራ እንክብል ልካላቸው ጠዋትና ማታ ሲወስዱ ሰንብተዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ሲጉመጠመጡ ውኃው ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ድዳቸው እስካሁን አላቋረጠም፣ ክንዳቸው ላይም ሳይመቱ የበለዘ ቦታ አየሁ። በቀን ወደ አንድ ላውርደው ወይስ ከምግብ በኋላ ቢወስዱት ይሻላል? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ «ከዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ ከቤታችን ሊወጣ ይገባል። አባቶቻችን ኮሶን ለትላቸው ሲጠጡ ልኩን ይጠነቀቁ የነበረው፣ ሲበዛ እስከ ዓይን ብርሃን ማጣት ሊያደርስ የሚችል መርዝ ስለሆነ ነው። ዛሬ ግን በጠርሙስ ታሽጎ ከመጣ ማንም ልክ አይጠይቅም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የአዘዞ ልጅ፦ እህቴ፣ ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጠሽ ያጉመጥምጧቸው። የእኔም አባት ድዳቸው ሲደማ በዚያ ነው የተሻላቸው።

ፋርማሲስት ከማራኪ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ። እናትሽ ሌላ መድኃኒት፣ በተለይ ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘ፣ ይወስዳሉ?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባለውን ማታ ማታ ይወስዳሉ። የቆየ መድኃኒታቸው ነው። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ፋርማሲስት ከማራኪ፦ በእጅጉ ይገናኛል። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ጊንኮም የደም መድማትን ሊያባብስ ስለሚችል ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ያሰጋል። ስለዚህ መጠኑን መቀነስ ሳይሆን እንክብሉን አሁኑኑ ማቆም፣ ከዚያም የማታው ዋርፋሪን ሰዓት ሳይደርስ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ሄዶ የደም መርጋት ምርመራ፣ አይ ኤን አር የሚባለውን፣ ማስደረግ ያስፈልጋል። የዋርፋሪኑን መጠን ሐኪሙ ይወስን፤ በራሳችሁ አትለውጡት። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሰገራቸው እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም ያንድ ጎን መዛል ከታየባቸው፣ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ፣ አንድ ደቂቃ አትቆዩ።

የአዘዞ ልጅ፦ የጨው ውኃውን ግን አትርሺ፤ በቀን ሦስት ጊዜ።

ፋርማሲስት ከማራኪ፦ ወንድሜ፣ የጨው ውኃ የታመመ ድድን ያስታግስ ይሆናል፤ በዋርፋሪን የቀጠነ ደምን ግን አያረጋም። በእርሱ ተዘናግተው እንዳይዘገዩ እሰጋለሁ።

ነርስ (ቀድሞ በጎንደር፣ አሁን አዲስ አበባ)፦ እኔ የምከራከረው በጥያቄው መነሻ ላይ ነው። ለመሆኑ እንክብሉ ለምን ተጀመረ? በአሜሪካ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች በተሳተፉበትና በ2008 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ 120 ሚሊ ግራም ጊንኮ በቀን ሁለት ጊዜ ለዓመታት መውሰድ የመርሳት በሽታን እንዳልቀነሰ ታይቷል። በሌላ በኩል መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የጆሮ መክበድ፣ አንዳንድ የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶችም የማስታወስ ችሎታን ያዳክማሉ፤ አብዛኞቹም ሊታከሙ ይችላሉ። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾሙ እናት ይህን ምርመራ ሳያስደርጉ ወደ እንክብል መሄድ አልነበረበትም።

ጠያቂ፦ «እርጅና ነው» ብለው መልሰውን ነበር እኮ! ቢ12 የሚባል ማንም አልመረመረም። ታክሲ ጠርቻለሁ፣ እየወጣን ነው።

ነርስ፦ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ዛሬ ስለ ደሙ ብቻ ጠይቂ፤ የማስታወሱን ጉዳይ ደሙ ከቆመ በኋላ በሌላ ቀጠሮ አንሺው።

ሌላ አባል፦ ነጭ ሽንኩርት በማር ቢወስዱስ? ለአእምሮም ለልብም ይበጃል ይባላል።

ፋርማሲስት ከማራኪ፦ በወጥ ውስጥ ያለው አያስፈራም፤ እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ ግን እርሱም የመድማት ስጋትን ሊጨምር ስለሚችል ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው አልመክርም። ጠያቂዋ፣ ይህን ስታነቢ ሐኪሙን ስለ ጎመንም ጠይቂው። በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲበዛ ዋርፋሪን ይዳከማል፤ በፍስክ በድንገት ሲቀር ደግሞ ይበረታል። መተው አያስፈልግም፣ ከሳምንት ሳምንት መጠኑ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ይበቃል። የአይ ኤን አሩ ውጤት ስንት እንደሆነም ጻፊልን።