በካስልባር የተወለዱ የባለቤቴ አያት፦ የአባት ስም የሌለበት የልደት መዝገብ

ጥያቄ (ከቦስተን)

ጤና ይስጥልኝ። የአማቴ እናት በ1928 ከአየርላንድ፣ ከሜዮ ካውንቲ ወደ ቦስተን መጥተው፣ በሰው ቤት ሲሠሩ ቆይተው እዚሁ ትዳር ይዘው ወልደው ያረፉ ሴት ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ወላጆቻቸው ሲጠየቁ «ሁሉም አልፈዋል» ከማለት በቀር አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ኖረዋል። ልጆቼ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን ቆጠራው እኚህ ሴት ላይ ሲደርስ ይቆማል። አማቴ ዕድሜያቸው ስለገፋ፣ የእናታቸውን ወገን ሳያውቁ እንዳይቀሩ እፈልጋለሁ።

የአየርላንድ መንግሥት በነጻ ባቀረበው የልደት መዝገብ ውስጥ በስማቸው በ1907 የተመዘገበች ሕፃን አግኝቻለሁ። የተወለደችው በካስልባር የድሆች መጠለያ ነው፤ የአባት ስም በሚጻፍበት ዓምድ ላይ መስመር ብቻ ተሰምሯል፤ ልደቱን ያስመዘገበውም የመጠለያው ሠራተኛ ነው። የአሜሪካ የዜግነት ወረቀታቸው ግን የተወለዱት በ1908 ነው ይላል፤ የመቃብራቸው ድንጋይ ደግሞ 1909። የአባትየውን ማንነት ከየት ልጀምር?

መልስ (ከደብሊን)

እህቴ፣ አባትየውን ከመፈለግዎ በፊት ይህች ሕፃን በእርግጥ አያትየው መሆኗን ያረጋግጡ። በሜዮ በአንድ የምዝገባ ወረዳ ውስጥ ስማቸውና የቤተሰብ ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ ልጆች በተቀራራቢ ዓመታት ይወለዱ ስለነበር፣ ብዙ ሰው በስም ብቻ ተማምኖ የሌላ ሰው የዘር ሐረግ ሲከተል ይኖራል። የዓመቱ መለያየት በራሱ አያስደነግጥም። የዚያ ዘመን ሰው ልደቱን በትክክል ላያውቅ ይችላል፤ ቤተሰብም የምዝገባው ቀን ካለፈበት ቅጣት ለመዳን ሲል የልደቱን ቀን ያሸጋሽግ ነበር፤ በዚህም ምክንያት በክርስትና መዝገብ ላይ ከልደቷ ቀን በፊት ክርስትና ተነሣች ተብላ የተጻፈች ሕፃን ብታገኙ አትደነቁ።

ማረጋገጫው ሊገኝ የሚችለው በክርስትና መዝገቡ ኅዳግ ላይ ነው። ኔ ቴሜሬ የተባለው፣ ስለ ጋብቻ የወጣ የሮም ካቶሊክ ድንጋጌ በ1908 ከጸና በኋላ፣ ካህኑ አንድን ሰው ሲያጋባ ያ ሰው ክርስትና ወደ ተነሣበት ደብር የማሳወቅ ግዴታ ነበረበት፤ የደብሩም ካህን የጋብቻውን ቀንና ቦታ፣ ብዙ ጊዜም የትዳር ጓደኛውን ስም ጨምሮ፣ ከክርስትናው ጎን ይጽፈዋል። አያትየው በቦስተን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካገቡ፣ በሜዮ ባለው መዝገብ ጠርዝ ላይ «ቦስተን» የሚል ጽሑፍ ይጠብቅዎት ይሆናል። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2015 በነጻ የከፈታቸው የደብር መዛግብት እስከ 1880 አካባቢ ብቻ ስለሚደርሱ፣ ለ1907 በቀጥታ ለደብሩ መጻፍ ያስፈልጋል። ሲጽፉም የምስክር ወረቀት ብቻ አይጠይቁ፤ ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ሁሉ እንዲገለበጥልዎ ይለምኑ። በነገራችን ላይ፣ የመንግሥቱ መዝጋቢ ያላገባች እናት የወለደችውን ልጅ አባት ያለ ሁለቱም ጥያቄ መጻፍ ባይችልም፣ ካህኑ አንዳንድ ጊዜ ስሙን ይጽፍ ነበር።

ከዚያ ወደ 1911 የሕዝብ ቆጠራ ይሂዱ። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች በሙሉ በነጻ ይገኛሉ፤ ከእነሱ በፊት የነበሩት ከጥቂቱ በቀር ጠፍተዋል፤ የቀደሙት አራቱ በ1922 በደብሊን የመዝገብ ቤቱ ቃጠሎ ነደዱ፣ የተቀሩትን መንግሥት ራሱ አስወገዳቸው። ልጅቱን በእናቷ ስም ብቻ ሳይሆን «የልጅ ልጅ» ተብላ በአያቶቿ ቤት የተጻፈች እንደሆነም ይፈልጉ። አያቶቿ በ1901 ከተጻፈላቸው ዕድሜ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ጨምረው ቢገኙ፣ ከ1909 ጀምሮ ለ70 ዓመት አረጋውያን የሚከፈለው ጡረታ ያመጣው ነው፤ ቤተሰቡን ለዚህ ብለው አይጣሉት። የ1926ቱ ቆጠራ ደግሞ 100 ዓመት ሲሞላው፣ በኤፕሪል 2026 ለሕዝብ እንዲከፈት የተወሰነ ነው፤ አያትየው ያን ጊዜ ገና አገራቸው ስለነበሩ ስማቸው በዚያ መኖር አለበት።

መልስ (ከሲያትል)

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሦስት ሰነዶች እዚሁ አሜሪካ አሉ። በ1928 የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ ላይ በአገር ቤት የቀረ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም ተሳፋሪው ወደ ማን እንደሚሄድ ተጽፏል፤ የዘመዱ አድራሻ ታውንላንድ የሚሉትን፣ በእኛ ጎጥ የምንለውን የሚያህል ትንሽ ቦታ ከጠቀሰ፣ ከማንኛውም ስም ይበልጣል። ሁለተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ ዋስትና) ማመልከቻ ነው፤ በላዩ ላይ የሁለቱም ወላጆች ስም ይሞላል። የቤት ሠራተኞች በሕጉ የተካተቱት ከ1951 ወዲህ ስለሆነ ዘግይተው አመልክተው ይሆናል። ሦስተኛው የጋብቻ ምዝገባቸው ነው። በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ የአባት ስም ካገኙ ግን ወዲያው አይቀበሉት፤ በአያት ቤት ያደገች ልጅ የእናቷን አባት እንደ አባቷ አድርጋ ማስመዝገቧ የተለመደ ነበርና።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመርከቡን መዝገብ ዛሬ አየሁት፤ የቅርብ ዘመድ ተብሎ የተጻፈው «አጎት» ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ያለውን የቦታ ስም ግን ማንበብ አልቻልኩም። አማቴ የዲኤንኤ ምርመራ ለማድረግ ፈቅደዋል። ይህ ይጠቅማል?

መልስ (ከለንደን)

አማትዎ መፍቀዳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ከእናታቸው ዲኤንኤ ግማሹን የያዙት እሳቸው ሲሆኑ፣ ባለቤትዎ ግን ሩቡን ያህል ብቻ ነው የወረሱት። ውጤቱ ሲመጣ በመጀመሪያ የአማትዎን አባት ዘመዶች ይለዩ፤ ቀጥሎ በወረቀት የተረጋገጡትን፣ የዚያች ሕፃን እናት ወገኖች ይለዩ። ከሜዮ ሆነው ከሁለቱም ጋር የማይገናኙ የሚቀሩት የአባትየው ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። አባትየው በኋላ አግብቶ የልጅ ልጆች ካሉት፣ እነሱ ከአማትዎ ጋር የሚጋሩት በአማካይ 6 በመቶ ገደማ ነው። በምዕራብ አየርላንድ ጎረቤት ከጎረቤት እየተጋባ ስለኖረ፣ ከ20 ሴንቲሞርጋን (የጋራ ዲኤንኤ መለኪያ) በታች በሆነ ግጥጥሞሽ ላይ ምንም አይገንቡ።

«አጎት» የሚለውን ቃል ግን አይናቁት። ስሙ ከሕፃኗ እናት የቤተሰብ ስም ጋር ከገጠመ የእናትየው ወንድም ሳይሆን አይቀርም፤ ካልገጠመ የአክስት ባል ሊሆን ይችላል። የቦታውን ስም በዚያው ስም በ1911 በካስልባር አካባቢ ከተቆጠሩት ቤተሰቦች መኖሪያ ጋር ያስተያዩት።

ለተገኘው ዘመድ በመጀመሪያው መልእክት «አያትህ ከጋብቻ ውጭ ልጅ ነበረው» ብለው አይጻፉ። በሜዮ የተወለዱ የአንዲት ሴት ቤተሰብ እየፈለጉ መሆኑንና ዝምድናው ምን ያህል እንደሚገመት ብቻ ይግለጹ፤ የሚያውቁትን ሁሉ የሚነግሩት እሱ ሲጠይቅ ነው።