ፒኤስ 4 መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለኝ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ!

የሳሪሱ
ሰላም ጓዶች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። አሁን ፊፋ እየተጫወትኩ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከፈትኩት፣ ማስነሳት አልተቻለም፣ ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተህ የፒኤስ ቁልፉን ተጫን ይላል። ሰካሁ፣ ተጫንኩ፣ ወይ ፍንክች። ነገ ማታ የድሮ የሰፈር ልጆች እኔ ቤት ይመጣሉ። ሁላችንም 40ን ያለፍን ነን፣ ፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ላይ ተኮልኩለን ተራ ስንጠብቅ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ አብረን ተጫውተን አናውቅም። ሚስቴ እንኳን ፈቅዳለች። ደግሞ ፊፋ ላይ የጀመርኩት ካሪየር እንዳይጠፋብኝ። ምን ላድርግ?

ሚኪ ጌም
ሴፍ ሞድ ገብቶብህ ነው፣ ማሽኑ ችግር ሲገጥመው የሚገባበት የመጠገኛ ሁኔታ። 5ኛውን ምረጥ፣ ሪቢልድ ዳታቤዝ የሚለውን፣ የፋይሎቹን መዝገብ እንደ አዲስ ያደራጃል። አለቀ።

የሳሪሱ
የምን 5ኛ? ዝርዝር የሚባል ነገር የለም እኮ። ያ ጽሑፍ ብቻ ነው ተገትሮ የቀረው።

ጋሽ ቁምነገር
ወንድሜ፣ መብራቱ ራሱ እየመከረህ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል፣ መዝገቡም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። እኛ በአንተ ዕድሜ የዕድር ዳኛ ነበርን። ያ ጊዜ አልፏል። ልጆችህ ይጫወቱ፣ አንተ መጽሐፍ አንብብ፣ በእግርህ ተራመድ፣ ዓይንህንም አትርፍ።

የጎፋዋ
ጋሽዬ፣ መዝገቡን ካነሱ አይቀር ሙሉውን ያንብቡልን እንጂ። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድም፣ ጉዳት እያየም አልተው ሲል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ሲቆይ ነው በሽታ የሚባለው። ከጓደኞቹ ጋር አንድ ማታ ኳስ መጫወት ከየት መጥቶ ነው እዚያ ውስጥ የሚገባው? ግሮሰሪ ቢያመሹ ይሻላል? እኔ 46 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ማታ ማታ የመኪና ውድድር እጫወታለሁ። እንደ እሱ የሚያሳርፈኝ ነገር የለም።

ጋሽ ቁምነገር
እኔ ለመምከር ያህል ነው እንጂ አልከለከልኩም።

ሚኪ ጌም
5ኛውን አልኩህ እኮ። ሪቢልድ ዳታቤዝ።

አቦሸማኔ
ሚኪ፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ቁልፍ ጠፋብኝ እያለ አንተ ሳሎን ገብተህ ሶፋው ላይ ቁጭ በል ትለዋለህ 😂

ጠጋኙ
የሳሪሱ፣ በየትኛው ገመድ ነው የሰካኸው? የስልክ ቻርጀር ገመድ ከሆነ ችግርህ እሱ ነው። ርካሽ ገመድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቻርጅ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ ዳታ አያስተላልፍም። ጆይስቲኩ ቻርጅ ሲያደርግ ስታይ የተገናኘ ይመስልሃል፣ ማሽኑ ግን አያውቀውም። ሴፍ ሞድ ላይ ደግሞ ብሉቱዝ አይሠራም፣ የግድ በገመድ ነው። ገመዱን ለመፈተን ስልክህን (ወይም ሌላ የቆየ ስልክ) ከላፕቶፕ ጋር አገናኝበት። ፎቶዎቹ ላፕቶፑ ላይ ከታዩ ዳታ ያስተላልፋል ማለት ነው።

የሳሪሱ
ፓወር ባንክ ስገዛ አብሮ የመጣ ገመድ ነው። ቆይ ሌላ ልፈልግ።

አቦሸማኔ
ፓወር ባንክ አብሮት የሚመጣው ገመድ ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ ዕድሜው አንድ ሳምንት ነው።

ቨርጂኒያ ነኝ
ወገኔ ለምን ትጨነቃለህ፣ ፒኤስ 4 ገበያ ላይ የዋለው በ2013 ነው፣ አርጅቷል። ፒኤስ 5 ግዛና ተገላገል። ፋይሉ ካሳሰበህ ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ ኮፒ አድርገው።

ጠጋኙ
እንዳትሞክረው! የፒኤስ 4 ዲስክ የተመሰጠረ ነው፣ ላፕቶፕ አያነበውም። ዊንዶውስ ደግሞ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ በድካም እሺ ካልከው ካሪየርህ ሄደ።
ፒኤስ 5ን በተመለከተ፣ እዚህ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቀህ ታውቃለህ ወንድም?

ቨርጂኒያ ነኝ
እሺ እሺ፣ አትቆጡ። የኔ ልጅ ዲስኩን ሲቀይር አይቼ ነው።

ጠጋኙ
መቀየርማ ይቻላል፣ ተራ ባለ 2.5 ኢንች የላፕቶፕ ዲስክ ነው። የድሮውን ማንበብ ነው የማይቻለው።
የሳሪሱ፣ ሌላ ነገር ሳትነካ አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ማሽኑ ክራክ የተደረገ (ጥበቃው ተሰብሮ ያልተገዛ ጌም እንዲያጫውት የተደረገ) ነው ወይስ ኦሪጅናል?

የሳሪሱ
እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ጌሞቹ ተጭነውበት ነው የመጣው። ሻጩ ኢንተርኔት እንዳታገናኘው ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ጠጋኙ
በቃ፣ ክራክ ነው። እንኳን ጠየቅኩ። አሁን ዓይንህን ከፍተህ አንብብ።
ዳታ የሚያስተላልፍ ገመድ ስታገኝ ማሽኑን አጥፋ፣ ከዚያ ማብሪያውን ሁለተኛው ቢፕ እስኪሰማ ድረስ ተጭነህ ያዝ፣ 7 ሰከንድ አካባቢ ነው። ጆይስቲኩን ሰክተህ የፒኤስ ቁልፉን ስትጫን ዝርዝሩ ይመጣል። መጀመሪያ 1ኛውን፣ ሪስታርቱን ሞክር። ብዙ ጊዜ መብራት ብቻ ከሆነ ችግሩ በዚሁ ይነሳል። ካልሆነ ሚኪ ያለው 5ኛው ትክክል ነው፣ ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታህን) አያጠፋም። ዲስኩ ሙሉ ከሆነ ግን ረጅም ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ መሃል ላይ እንዳታቋርጠው።
3ኛውን እንዳትነካ፣ አፕዴት ነው። አፕዴት ካደረግከው ክራኩ ይሄዳል፣ ጌሞቹ አይከፈቱም፣ ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስም አይቻልም። 6ኛውና 7ኛው ሁሉንም ነገር ጠርገው ያጠፋሉ።

ሚኪ ጌም
5ኛው ትክክል ነው ብሏል፣ ሰምታችኋል 😎

ፈለቀ ነኝ ከአዳማ
ስታብላይዘር ግዛ። የኔ ከገዛሁ ወዲህ ምንም ሆኖ አያውቅም።

አቦሸማኔ
ስታብላይዘር መብራት ሲሄድ ምን ያደርጋል? ባትሪ የለውም እኮ። የቮልቴጅ መውጣት መውረዱን ነው የሚያስተካክለው። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልገው። እሱም ጌም ለማስጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት የምትሆን ጊዜ እንዲሰጠው ነው።

ፈለቀ ነኝ ከአዳማ
የኔ ምንም ሆኖ አያውቅም ነው ያልኩት።

የሳሪሱ
ተመስገን! የልጄ የድሮ ካሜራ ገመድ ተገኘ፣ መሳቢያ ውስጥ ከባትሪና ከሻማ ጋር ተጠቅልሎ። ዝርዝሩ መጣ! 1ኛውን ተጫንኩ፣ ተነሳ። ግን ጌሞቹ ላይ ሁሉ የቁልፍ ምልክት አለ፣ ስከፍታቸው እንቢ አሉ። ጠፉ ማለት ነው?

ጠጋኙ
አልጠፉም፣ አትደንግጥ። ክራክ ማሽን ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሳ ክራኩን እንደገና ማስኬድ አለብህ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ገብተህ የሶፍትዌሩን ቁጥር ጻፍልኝ፣ አሠራሩ በቁጥሩ ነው የሚለያየው። 9.00 ከሆነ ፍላሽ ያስፈልግሃል፣ 11.00 ከሆነ ደግሞ በኔትወርክ ገመድ ከላፕቶፕ ነው። ሻጩ ፍላሽ ሰጥቶህ ነበር?

አቦሸማኔ
እስከዛሬ ምን ስታደርግ ነበር ታዲያ?

የሳሪሱ
አጥፍቼው አላውቅም፣ ሬስት ሞድ (እንቅልፍ) ላይ ነበር የምተወው። ብርቱካናማ መብራት ሲበራ አጠፋሁት እል ነበር። ፍላሽ አዎ አለ፣ ትንሽዬ ጥቁር። ፊልም ሞልቼበታለሁ!

አቦሸማኔ
😂😂😂 ፊልሙ ምን ነበር?

የጎፋዋ
ጠጋኙ እስኪመለስ አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገ ይጠቅምሃል። እናንተ በፔስ፣ በሌላኛው የኳስ ጌም፣ ያደጋችሁ ትውልድ ናችሁ አይደል? በፔስ ካሬው መምቻ ነው፣ ክቡ ማሻሚያ። በፊፋ ተገላቢጦሽ ነው። ባለቤቴ ፊፋ የያዘ ቀን ጎል አፋፍ ላይ ደርሶ ሲያሻማ፣ መስመር ላይ ሆኖ ሲመታ አመሸ፣ ከዚያ አርጅቻለሁ ብሎ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ሴቲንግ ውስጥ ኮንትሮልስ ግባና አልተርኔት የሚለውን ምረጥ፣ እንደ ድሮው ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጆይስቲክ ለየብቻ ነው የሚቀየረው። እንግዶችህ ሳይመጡ አስተካክለው፣ አለበለዚያ ሲሸነፉ ማሽኑን ነው የሚሰድቡት።

ጋሽ ቁምነገር
ይቅርታ፣ ይህ አልተርኔት የምትሉት ቁልፉ ላይ የተጻፈ ነው? የልጅ ልጄ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል፣ እኔም ድሮ ትንሽ ትንሽ እሞክር ነበር።

የጎፋዋ
ጋሽዬ!! 😂 ቁልፉ ላይ አይደለም፣ ጨዋታው ውስጥ ነው። ኦፕሽንስ የሚለውን ተጭነው ይግቡና ኮንትሮለር ሴቲንግስ የሚለውን ይፈልጉ።

ጠጋኙ
የሳሪሱ፣ ቁጥሩን ሳትጽፍ የት ጠፋህ? ፊልሞቹን ላፕቶፕ ላይ ገልብጥና ፍላሹን ለጊዜው እንዳለ ተወው፣ በራስህ ፎርማት አታድርገው። አውቶማቲክ ዳውንሎድስ ውስጥ ገብተህም የሲስተም ሶፍትዌር አፕዴቱን አጥፋው፣ ኋላ ልጆቹ ዋይፋይ ቢያገናኙት ራሱ አውርዶ ይጠብቅሃል።

ከቦሌ ወዲያ
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ግን የኔ ፒኤስ 3 ነው፣ ቢጫ መብራት አብርቶ ይጠፋል። ገመዱ ይሆን?

ሚኪ ጌም
5ኛውን ሞክር።