መቆለፊያው በለቀቀ ቁጥር ታምፐር አላርም (ዕቃው ከቦታው ሲነቀል ወይም ሲነካካ የሚያስጠነቅቀው) ይጮሃል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ባለሙያዎች። ገላን፣ የመጋዘን በር ላይ ያለ የካርድ ተርሚናል ነው። የጀርባው ታምፐር ስዊች ግድግዳው ሲጫነው ሰርኪዩቱን ይዘጋል። 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ታስሯል፣ እዚያው ስዊቹ ጋ (በሩን የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ኮንትሮለሩ ጋ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ሾርት ሲያደርግ አይታወቅም)። ገመዱን ከኮንትሮለሩ ነቅዬ ስለካ 4.7 ያሳያል፤ ተርሚናሉን ከግድግዳው ሳላቅቅ መስመሩ ይከፈታል። ልስኑ ወጣ ገባ ስለሆነ ከስዊቹ ኋላ ቀጭን ላስቲክ ጨመርኩ፣ ለውጥ የለም።

የ12 ቮልቱ ማግኔት መቆለፊያ ሲለቅ ግን ወዲያው «ታምፐር» ይመዘገባል። የመቆለፊያውና የታምፐሩ ሽቦዎች በአንድ ገመድ ውስጥ ናቸው፤ መቆለፊያው ላይ ዳዮድ (ሲለቅ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ግፊት የሚያፍን) የለም። የኢንፑቱን መዘግየት ወደ 500 ሚሊ ሰከንድ ሳሳድገው ይቆማል፣ ግን ይህ ችግሩን መሸፈን ይመስለኛል። መቆለፊያው ጫፍ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ነጩን መስመር ወደ ፖዘቲቭ አድርጌ፣ ባስር ይበቃል ወይስ ገመዱን መለየት ግድ ነው?