ጠጥተሃል ተብሎ ደም በግድ ይወሰዳል እንዴ?

የአጂፕ ልጅ
ሰላም የጅማ ልጆች። ሕግ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ማታ ከሰርግ ሲመለስ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትራፊክ አስቆመው። አንዱ የኋላ መብራት አይበራም ነበር፣ ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። መስኮቱን ሲያወርድ "አንተ፣ ትሸታለህ" አሉት። ብርዝ ነው የጠጣሁት አላቸው (ሰርግ ቤት ብርዝ የተባለ ሁሉ ብርዝ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሱን እናቆየው)። የሚነፋው መሣሪያ በቦታው አልነበረም። ስለዚህ ሐኪም ቤት ወሰዱትና ደም ይስጥ ተባለ። እሱ እጁን አጣምሮ "ዳኛ ካላዘዘ ሰውነቴን ማንም አይነካም" ብሎ ድርቅ አለ። ተረኛዋ ነርስ ሲሪንጁን እንደያዘች አንዴ እሱን አንዴ ፖሊሱን ታያለች አሉ። መጨረሻ ላይ ሳይወስዱ ቀሩ፣ ግን መኪናውን ይዘው እሱን ጣቢያ አሳደሩት። በማግስቱ በዋስ ወጣ።

አሁን ቤት ውስጥ ክርክር ነው። አባታችን "ደምህን ሰጥተህ ብትገላገል ምን ነበረበት" ይላል። እኔ ሁለት ልብ ነኝ። ሰክሮ የሚነዳ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ዛሬ ለመጠጥ ብለው የወሰዱት ደም ነገ ለምን እንደሚውል በምን አውቃለሁ? እምቢ የማለት መብት አለው ወይስ የለውም?

ሾፌሩ
ወንድም፣ አትቀየመኝና ካልጠጣ ምን አስፈራው? እኔ የአዲስ አበባን መስመር ስመላለስበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ጊቤ ቁልቁለቱን በሌሊት ስትወርድ ከፊትህ የሚመጣው ሰውዬ ምን ጠጥቶ እንደተነሳ አታውቅም። ረጅሙን መብራት ሳይቀንስ መሀል መንገዱን ይዞ ሲመጣብህ ያለህ ነገር ቢኖር ዳር መያዝና ፈጣሪህን መጥራት ብቻ ነው። የዚያን ሰው መብት እኔ ምን ላድርገው? አንድ መርፌ ማንንም አልገደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሒርማታ
ሾፌሩ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን "ካልጠጣ ምን አስፈራው" አያስኬድም። በዚህ ሂሳብ ካልሰረቅክ ቤትህ በሌሊት ቢበረበር ምን አስፈራህ ልንልህ ነው።

የአጂፕ ልጅ፣ ነገሩ ወዲህ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 34 አለልህ። መርማሪው ፖሊስ ከወንጀሉ ዓይነት አንጻር አስፈላጊ መስሎ ከታየው፣ የተመዘገበ ሐኪም የተከሳሹን አካል እንዲመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር ሊያዝ ይችላል ይላል። የደም ምርመራም በዚህ ውስጥ እንደሚገባ በግልጽ ተጽፏል። ስለ ዳኛ አንዲት ቃል የለም። ስለዚህ ወንድምህ ያን አባባል ያገኘው ከፊልም ይመስለኛል።

ግን እዚያ ላይ አያልቅም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ መጣ። አንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትህ፣ ሰውነትህና ንብረትህ ከመመርመር የተጠበቁ ናቸው ይላል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ሆኖ በዝርዝር ሕግ ነው፣ ወንጀልን መከላከልና የሌሎችን መብት መጠበቅም ከምክንያቶቹ ተቆጥረዋል። አንቀጽ 19 ደግሞ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብበትን የእምነት ቃል እንዲሰጥ ማንም አይገደድም ይላል። "ደሜ በእኔ ላይ መሰከረ" ብሎ በዚህ አንቀጽ የሚከራከር ይኖራል፣ እኔ ግን አይመስለኝም። ደም ቃል አይደለም፣ አትናዘዝበትም።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ቁጥር 34 ፖሊስ ሐኪሙን ስለሚያዝበት ሁኔታ እንጂ፣ ሰውዬው እምቢ ካለ ሁለት ሰው ክንዱን ጨምድዶ ይዞ ይወጋ አይወጋ አይነግርህም። ያ ክፍተት ነው ነርሷን ሲሪንጅ ይዛ ያስቆማት። ደሙን ማን ያስቀምጣል፣ ለስንት ጊዜ፣ ሌላ ምን ይመረመርበታል፣ ይሄም የለም። ስለዚህ እንደ እኔ ፖሊስ መጠርጠር ይችላል፣ መርፌውን የሚፈቅድ ግን ሌላ ሰው መሆን አለበት። ጠርጣሪውም አዛዡም አንድ ሰው ሲሆን ነው ነገር የሚበላሸው።

ነጭ ጋዋን
ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ጅማ ውስጥ። ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር ጊዜ ነው። ሰውነት አልኮልን በሰዓት ከ0.015 እስከ 0.02 በሚሆን መጠን ያቃጥለዋል፣ እንደ ሰዉ ይለያያል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለ ግራም ማለት ነው። 0.09 ሆኖ የተያዘ ሰው ዳኛ ሲፈለግ ሁለት ሰዓት ካለፈ 0.06 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ማስረጃው ዓይናችሁ እያየ ይጠፋል። እዚህ በእሑድ ሌሊት ዳኛ ቀስቅሰህ፣ አስፈርመህ፣ ተመልሰህ... እናንተው ገምቱት።

አወሳሰዱም ቀላል አይደለም። ለሌላ ምርመራ ቆዳውን በአልኮል ጠርገን ነው የምንወጋው። ለዚህ ግን አልኮል አይነካም፣ ቤታዲን ወይም ሌላ አልኮል የሌለበት ነገር ነው። ደሙ የሚገባው ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፣ ውስጡ ሶዲየም ፍሎራይድ አለ፣ ደሙ ቆይቶ ራሱ አልኮል እንዳያበቅል ይከላከላል። ከዚያ ስም፣ ሰዓት፣ የወሳጁ ፊርማ፣ ማሸጊያ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጎበዝ ጠበቃ ውጤቱን ገደል ይከተዋል፣ መክተትም አለበት።

ደግሞ ደም ሁልጊዜ ጠላትህ አይደለም። ስኳሩ የወረደበት ሰው ይንገዳገዳል፣ አፉ ይተሳሰራል፣ ይሳደባል ሁላ። ስኳሩ ከልክ በላይ የወጣበት ደግሞ ትንፋሹ ይለወጣል፣ ለማያውቅ ሰው መጠጥ መጠጥ ይሸተዋል። ጭንቅላቱን የተመታም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። በ"ትሸታለህ" ብቻ ጣቢያ ካደረ ጠዋት ሬሳ ልታገኝ ትችላለህ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያ መርፌ ነው ነጻ የሚያወጣው።

ከዳላስ
የኮቺ ልጅ ነኝ፣ አሁን ቴክሳስ ነው ያለሁት። ዳኛ የሚለው ነገር ከፊልም ብቻ አይደለም ኦቦ ሒርማታ፣ እዚህ አገር የምር ነው። ግን ብዙ ተንከባሎ ነው እዚህ የደረሰው። በ1966 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሽመርበር ጉዳይ፣ አደጋ ደርሶበት ሐኪም ቤት ከገባ ሹፌር ያለ ዳኛ ትእዛዝ የተወሰደን ደም ተቀበለ። 5 ለ 4 ነበር፣ ለጥቂት። ደም የምስክርነት ቃል አይደለም ያሉትም ያኔ ነው፣ ልክ አንተ እንዳልከው። በ2013 ደግሞ በማክኒሊ ጉዳይ፣ አልኮሉ እየጠፋ ነው የሚለው ብቻውን ዳኛን ለመዝለል አይበቃም አሉ። በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ ትንፋሽንና ደምን ለዩ። ለታሰረ ሰው ትንፋሽ ያለ ትእዛዝ ይቻላል፣ ደም ግን ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ደም አልሰጥም ያለን ሰውም በወንጀል መቅጣት አይቻልም። ምክንያታቸው የአጂፕ ልጅ የፈራው ነው። ትንፋሽ ተነፍቶ ያልቃል፣ ደም ግን ይቀመጣል፣ ከመጠጥ ሌላም ብዙ ነገር ይናገራል። በ2019 ደግሞ ራሱን ስቶ ከተገኘ ሹፌር ያለ ትእዛዝ ደም የሚወሰድበትን በር መልሰው ገርበብ አድርገው ከፈቱት።

ነጻ ትወጣለህ ማለት ግን አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ እምቢ ካልክ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን መንጃ ፈቃድህ 180 ቀን ይታገዳል። በበዓል ሰሞን ደግሞ ዳኞች ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆነው ይጠብቃሉ፣ ማመልከቻው በኤሌክትሮኒክ ይላካል፣ ትእዛዙ ሲመጣ ትወጋለህ። ነጭ ጋዋን፣ የአንቺ ሁለት ሰዓት እዚህ በስልክ ነው የተፈታው።

ስለ ነርሷም ልበል። በ2017 ዩታ ውስጥ አንዲት ነርስ ራሱን ከሳተ ታካሚ ያለ ትእዛዝ ደም አልወስድም ብላ መርማሪው እጇን በካቴና አስሮ ሲጎትታት ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ሰውዬው ከሥራ ተባረረ፣ እሷ ካሳ አገኘች። የጅማዋ ነርስ ፖሊሱን ቀና ብላ ማየቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቦሳ አዲስ
እናንተ ወንዶች ስለ መጠጥ ብቻ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ጅማ ላይ ሆናችሁ! ጫቱስ? ቀኑን ሙሉ ቅሞ፣ ምርቃናው አልለቅ ሲለው በጨብሲ ሰብሮት፣ ከዚያ እንቅልፉ መጥቶ መሪ ላይ የሚያንጎላጅ ሰው ስንት ነው? የእሱ ደም ሁለት ቢራ ብቻ ያሳይና "ከልክ በታች ነህ፣ ሂድ" ይባላል። እኔ ባጃጅ ስሳፈር የምፈራው ያንን ነው። ደሙን ከመውሰድ በፊት አስወርዳችሁ አራምዱት፣ ዓይኑን እዩት፣ አናግሩት። ካልቻለ ቁልፉን ተቀበሉት። ለዚህ ዳኛም መርፌም አያስፈልግም።

ሾፌሩ
በዚህ እህታችን ልክ ናት። ቁልፍ መቀበሉን እኔም እፈርማለሁ።

የአጂፕ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦቦ ሒርማታ፣ ታዲያ አሁን ምን ያድርግ? እምቢ ማለቱ ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠርበታል?

ሒርማታ
ዓቃቤ ሕግ ምን ብሎ እንደሚከስ ሳይታይ መልስ የለኝም። ክስ ከመጣ ትራፊኩ በቦታው የጻፈውን ሪፖርት ቅጂ ይጠይቅ። መሸተቱ ብቻ ነው የተጻፈው ወይስ አነዳዱም? ያ ይለያያል። መብራቱ ግን በራሱ ያስቀጣዋል፣ እሱን ክፈሉና ዛሬውኑ አሠሩት። በብርዙ ላይ ደግሞ አትከራከሩ፣ ዳኛውም የጅማ ሰው ነው።