ሃይዲኤስኪውኤል ላይ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ

ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ዕቃ መዝጋቢ ነኝ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ቀለል የሚለውን የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ ሃይዲኤስኪውኤልን ጫንኩ፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። ትናንት ከኤክሴል 600 መስመር በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) አስገባሁ። «የባጃጅ ፍሬን ሸራ» የሚለው «???? ??? ??» ሆኖ ቁጭ! ዋጋውና ብዛቱ ግን ልክ ነው።

ሳየው ሠንጠረዡ ላቲን1 (የአማርኛ ፊደል የማይዝ ኢንኮዲንግ፣ ማለትም የፊደል አቀማመጥ ኮድ) ነበር። ዓምዶቹን ጭምር አማርኛ ወደሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀየርኩ። አዲስ የምጽፈው ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ የድሮው ግን ንቅንቅ አላለም። በቃ ጠፍቷል ማለት ነው? ባክአፕ አልያዝኩም (አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ)፣ የኤክሴሉ ፋይል ግን አለ። ሠንጠረዡን ባዶ አድርጌ እንደገና ላስገባ? ሲኤስቪው ሲገባ ኢንኮዲንጉን ምን ልበለው? አለቃዬ ቅዳሜ ቆጠራ ብሏል። በዚህ ሙቀት 600 ዕቃ በእጅ አልጽፍም!