ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን አባሎቻችን የቀረበ የጥየቃ ዕቅድ፦ የእድሩ አባላት ውይይት

ጸሐፊ፦ ብቻቸውን የሚኖሩ 9 አረጋውያን አባላት አሉን። በረቂቁ መሠረት ድባቴ ይዟቸው ሳይታወቅ እንዳይቀር ሁለት ሁለት ሰው በየሳምንቱ ይጠይቃቸዋል፤ በወር መዋጮው ላይ 10 ብር ተጨምሮ ከ312 አባላት የሚሰበሰበው 3,120 ብር ለታክሲ፣ ለሕክምና ካርድና ለመድኃኒት ይውላል። አምና በሦስተኛው ቀን በር ሰብረን ስላገኘናቸው አባል ዳግመኛ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ድንኳኑ ውስጥ ነበራችሁ።

ብሎክ 4፦ ድባቴ የአማኑኤል ሆስፒታል ሥራ ነው፤ እድር ምን አገባው?

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ድባቴ ሁሉ አማኑኤል አይላክም፤ ብዙው በጤና ጣቢያ ይታያል። በዚህ ዕድሜ «አዘንኩ» ብሎ የሚናገር ጥቂት ነው፤ የወገብ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» እየሆነ ይመጣና ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የብሎክ 11ዋ እናት ከአራት ኪሎ ሲነሡ ጎረቤቶቻቸው በየሳይቱ ተበተኑ፤ እሳቸው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደርሷቸው ከጥምቀት ወዲህ አልወረዱም። ባለፈው ስሄድ ረከቦቱ በፌስታል ታስሮ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሏል። «ለማን ብዬ ላፍላ?» አሉኝ። ጠያቂዎቹን እኔ በነጻ አሠለጥናለሁ፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠየቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ፣ የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም፤ «አዎ» ከተባለ ግን ብቻቸውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰዳሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ በረቂቁ ውስጥ ስለ ቡና የተጻፈ ነገር የለም። በየሳምንቱ በዘጠኝ ቤት የሚፈላውን ቡናና ስኳር የሚገዛው ማን ነው? በጡረታቸው ይግዙ ከተባለ ጠያቂ ሳይሆን ሸክም ልከንባቸዋል።

ብሎክ 4፦ ጠያቂው ይዞ ይሂድ። ባዶ እጁን ሰው የሚጠይቅ የት ታይቷል?

ብሎክ 7፦ እኔ የተመደብኩላቸውን አዛውንት ሐኪም ቡና ከልክሏቸዋል፤ ሻይ ይባል።

ብሎክ 4፦ በሻይ ጎረቤት አይሰበሰብም።

ብሎክ 7፦ ስለዚህ በሐኪም የተከለከለ ሰው አይጠየቅም ማለት ነው? ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍሩልኝ።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ስለ ቡናና ሻይ ይህን ያህል ስንጻጻፍ ስለ ዘጠኙ ጥያቄዎች አንድም ሰው አልጠየቀም። ለቀብር የቀረውን አባል ስም ጠርተን እንቀጣለን፤ ለጥየቃ የቀረውስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሥልጠናው ነገ አበል የሚያስጠይቅ ከሆነ ከአሁኑ ይነገረን።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ በነጻ ብዬ ጽፌአለሁ። ስሜ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ብሎክ 11፦ ነርሷን እንዲህ መናገር ነውር ነው። ቡናውን በተመለከተ፣ እኚህ እናት ይዛችሁላቸው እንድትሄዱ ብቻ አይፈልጉም፤ ባለፈው ሰንበት ቆልተው አቦሉን ሲቀዱልኝ «ሲኒ ጎደለኝ» ብለው ሳቁ። ከወራት በኋላ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በአበሉ ጉዳይ ቸኩዬ ነው፤ ይቅርታ። ነገር ግን ሲኒ ከጎደለ በየቤቱ ከመግዛት ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ኮሙናሉ ውስጥ በጋራ ብናፈላ ወጪው ይቀንሳል።

ሊቀ መንበር፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። 60 ሲኒ፣ 4 ጀበናና 40 የፕላስቲክ ወንበር ይገዛ፤ ለቡናው በማይፈለግበት ቀን ለሠርግ እያከራየን ገንዘቡን እንመልሳለን።

ብሎክ 11፦ ከዘጠኙ አራቱ ደረጃ መውረድ አይችሉም።

ብሎክ 7፦ ወጣቶቹ ደግፈው ያውርዷቸው።

የወጣቶች ተወካይ፦ ስድስት ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ አሁን ስልክ የሚያነሣልኝ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም እሑድ ሥራ ይገባል።

ብሎክ 4፦ ወንበሮቹ የክንድ ማሳረፊያ ይኑራቸው፤ የባለፈው ግዢ በአንድ ሠርግ ተሰባብሯል። ለእድሩ አባል የኪራዩ ዋጋ በግማሽ ይሁን።

ጸሐፊ፦ በተሻሻለው ረቂቅ ውስጥ ዘጠኙ ጥያቄዎች የት ገቡ?

ሊቀ መንበር፦ አንቀጽ 6 ላይ «አሠልጣኝ ሲገኝ» በሚል ሰፍረዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ይዣለሁ። ዕቃው ከመግባቱ በፊት መጋዘኑ ይጠረግ፤ የኮሙናሉ ቁልፍ በማን እጅ ነው?